መጀመሪያ ማስረጃው፣ ከዚያ ብሎኩ፦ በስልክ የሚሰደብና የሚዛትበትን ወጣት እንዴት እንርዳ

አንድ ወጣት በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ እየተሰደበ፣ እየተዛተበት ወይም ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ መሆኑን ሲናገር፣ ነገሩ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በዚያው አንድ ሰዓት ውስጥ ነው። አባት ስልኩን ይነጥቃል። ታላቅ ወንድም ተሳዳቢው ጋ ደውሎ ይዝታል። ልጅቷ ራሷ ደንግጣ ቻቱን ጠራርጋ ታጠፋዋለች። ጓደኛዋ ደግሞ "ብሎክ አድርጊውና ግልግል በይ" ትላታለች። አራቱም ከድንጋጤ ወይም ከፍቅር የመጡ ናቸው፤ አራቱም ግን ማስረጃ ያጠፋሉ።

ይህ ጽሑፍ ለወላጅ፣ ለታላቅ ወንድምና እህት፣ ለክፍል ኃላፊ መምህር፣ ለሚኒ ሚዲያና ለክበብ አስተባባሪ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ያለ ተማሪ፣ የግቢ ልጅ ወይም የፋብሪካ ሠራተኛ ወጣት ሊገጥመው የሚችለውን ታሳቢ ያደርጋል። ቅደም ተከተሉ አንድ ነው፦ ልጁን ማረጋጋት፣ ማስረጃውን መያዝ፣ ብሎክና ሪፖርት ማድረግ፣ ከዚያ እንደ ነገሩ ክብደት ትምህርት ቤት ወይም ፖሊስ።

ስልኩን አትንጠቁ

ልጆች ጥቃቱን ከቤተሰብ የሚደብቁት ስለሚያፍሩ ብቻ አይደለም። "ስልኬን ይወስዱብኛል" የሚለው ፍርሃት አለ። ለአንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ስልኩ ማለት ጓደኞቹ፣ የቤት ሥራውና የፈተና ጥያቄ የሚለዋወጥበት ግሩፕ ነው። ስልኩን ከወሰዳችሁበት ቅጣቱ ተበዳዩ ላይ ወደቀ ማለት ነው፤ ነገ የባሰ ነገር ሲመጣ አይነግራችሁም።

የመጀመሪያው ንግግር አጭር ይሁን። "አብሽሪ፣ ብቻሽን አይደለሽም። ስልክሽን አልወስድብሽም። ቁጭ ብለን አብረን እንየው።" ይኸው ይበቃል። "ለምን ፎቶሽን ላክሽለት?"፣ "ድሮም ብያለሁ" የመሳሰለው እውነት ቢሆን እንኳ ጊዜው አሁን አይደለም፤ ምናልባትም ከነጭራሹ መነሳት የለበትም።

ቀጥሎ ሦስት ነገር ጠይቁ። ሰውየውን ታውቂዋለሽ ወይስ ፌክ አካውንት ነው? ገንዘብ፣ ፎቶ ወይም እንገናኝ የሚል ጥያቄ አለው? የት እንደምትኖሪና የት እንደምትማሪ ያውቃል? የምታውቀው የክፍል ልጅ ከሆነና ለሁለተኛው መልሷ "የለም" ከሆነ፣ ነገሩ የክፍል ልጆች ስድብ ሊሆን ይችላል፤ በትምህርት ቤት ደረጃ ይያዛል። ለሁለተኛው "አዎ" ካለች፣ ወይም የማታውቀው ሰው ሆኖ ለሦስተኛው "አዎ" ካለች ጉዳዩ ሌላ ነው፤ በዚያው ቀን ወደ ፖሊስ የሚሄድ ነው።

ልጁ ስለ መሞት ካወራ ወይም "ባልኖር ይሻለኝ ነበር" ካለ፣ ማስረጃውም ሪፖርቱም ይቆይ። በግልጽ ጠይቁት፦ "ራስህን ለመጉዳት እያሰብክ ነው?" መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ያቀለዋል እንጂ። ብቻውን አታሳድሩት፤ ፀረ ተባይና መድኃኒት ከቤት አርቁ፤ በአቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ደሴ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። አምቡላንስ ካስፈለገ የቀይ መስቀሉ 907 ነው። ጸበል ወይም ዱዓ የሚያስይዝ ቤተሰብ ያንኑ ያድርግ፤ ሕክምናውን ግን አያስቀር።

ማስረጃ እንዴት ይያዛል

ሥራው ሁሉ እዚህ ላይ ነውና ጊዜ ስጡት። ቴሌግራም ላይ በሁለት ሰው መካከል ያለ ቻትን ማንኛውም ወገን በፈለገ ሰዓት ከሁለቱም ስልክ ሊያጠፋው ይችላል። ወንድም ደውሎ ሲዝት የሚሆነው ይኸው ነው፤ ተሳዳቢው ይደነግጥና የጻፈውን ጠራርጎ ያጠፋል። ከዚያ ፖሊስ ጋ ሲኬድ የሚታይ ነገር የለም። "ብሎክ" ሲጫኑ "ቻቱንም አጥፋ" የሚል ሳጥን አብሮ ሊመጣ ይችላል፤ ሳያነቡ የሚነኩት ብዙ ናቸው።

ስለዚህ ቴሌግራም ከሆነ መጀመሪያ ፎቶውና ቪዲዮው ስልኩ ላይ ወርዶ መከፈቱን አረጋግጡና ስልኩን አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉት። ኢንተርኔት ከሌለ ላኪው በዚያች ሰዓት ቢያጠፋም ማጥፋቱ እናንተ ጋ አይደርስም። ከዚያ ተረጋግታችሁ ሥሩ፦

1. የተሳዳቢውን ፕሮፋይል ክፈቱና ስክሪንሾት አንሱ። የሚታየው ስም ብቻ አይበቃም፤ በኤት ምልክት የሚጀምረው ዩዘርኔም መታየት አለበት። ስሙን በየቀኑ መቀያየር ስለሚችል ዛሬውኑ ይነሳ። ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ የፕሮፋይሉን ሊንክም ኮፒ አድርጋችሁ ማስታወሻ ላይ ለጥፉ።

2. መልእክቶቹን ከላይ ወደ ታች በተከታታይ አንሱ። የእያንዳንዱ ስክሪንሾት የመጨረሻ መስመር በሚቀጥለው ላይ የመጀመሪያ ሆኖ ይደገም። እንዲህ ካልሆነ "መሀሉን ቆርጣችሁታል፤ እሷ ምን ብላኝ እንደመለስኩላት አላሳያችሁም" ይባላል። በዚሁ ምክንያት የልጃችሁ መልስ ደስ ባይልም አትደብቁት።

3. ቀኑ ይታይ። ቴሌግራም መልእክቱ ጎን ሰዓት ብቻ ነው የሚጽፈው፤ ቀኑ የሚመጣው ወደ ላይ ሲንሸራተት ነው። ፌስቡክና ቲክቶክ ደግሞ "ከ3 ቀን በፊት" ዓይነት ነው የሚሉት፤ ስክሪንሾቱ ያነሣችሁበትን ቀን ካልጻፋችሁበት ምንም አይናገርም።

4. ኮመንት ከሆነ ኮመንቱ ብቻ ሳይሆን የተሰጠበት ፖስትም ይነሳ። ቻናል ወይም ክፍት ግሩፕ ከሆነ መልእክቱን ነክታችሁ ሊንኩን ኮፒ አድርጉ።

5. በመጨረሻ ስክሪን ሪከርድ አብሩና ከፕሮፋይሉ ተነሥታችሁ ወደ ቻቱ እየገባችሁ ቀስ ብላችሁ አንሸራትቱ። ስክሪንሾት "ተቀነባብሮ ነው" ሊባል ይችላል፤ ሲንቀሳቀስ የተቀረጸን ግን እንዲህ ማለት ይከብዳል።

የቴሌግራም ሲክሬት ቻት አንድሮይድ ላይ ስክሪንሾት አያስነሳም። በሌላ ስልክ ካሜራ ስክሪኑን ፎቶ አንሱ። ያነሣችሁትን አትቁረጡ፣ ቀይ ክብ አትሥሩበት፣ ስም አትሸፍኑበት። ምልክት ማድረግ ካስፈለገ ኮፒው ላይ ይሁን። በቴሌግራም ለሌላ ስልክ ስትልኩም "ፋይል" ብላችሁ ላኩ፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቃል፣ ጥራቱም ይወርዳል። ኮምፒውተር ያለው ሰው ቴሌግራም ዴስክቶፕ ላይ የቻቱን ታሪክ በሙሉ ኤክስፖርት ማድረግ ይችላል፤ አዲስ የገባበት ኮምፒውተር ከሆነ ግን በስልኩ ማረጋገጫ ወይም እስከ 24 ሰዓት መጠበቅ ሊጠይቀው ስለሚችል ቀድሞ ይጀመር።

ከስክሪንሾቱ ጎን አንድ ደብተር ያዙ። ሰዓቱን ስትጽፉ ተጠንቀቁ፤ ስልኩ በፈረንጅ ቀንና ሰዓት ይቆጥራል፣ ፖሊስ ጋ ቃል የሚሰጠው በእኛ ነው። ሁለቱንም ጻፉ። እንዲህ፦

"እሑድ ጥቅምት 2 ቀን 2018፣ ከምሽቱ 2፡15። ስልኩ ላይ ኦክቶበር 12፣ 20፡15 ይላል። የክፍሉ ቴሌግራም ግሩፕ። ፎቶዋን ለጥፎ ሰደባት። ስክሪንሾት ቁጥር 3 እና 4። ግሩፑ ውስጥ ያዩ ሁለት የክፍል ልጆች ሊመሰክሩ ይችላሉ።"

ሌሊት የተላከ ከሆነ የበለጠ ይደናገራል። ከሌሊቱ 7፡30 የመጣ ዛቻ ስልኩ ላይ በማግስቱ ቀን 01፡30 ተብሎ ነው የሚቀመጠው፤ ልጅቷ ግን "እሑድ ማታ ነው" ትላለች። "እሑድ ሌሊት፣ ለሰኞ አጥቢያ" ብላችሁ መዝግቡ። ካልሆነ ቃሏና ስክሪንሾቱ የተለያየ ቀን ይናገራሉ፤ የተከሳሹ ጠበቃ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

ኮፒውን ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ ለሚታመን ሰው ስጡ። ኮምፒውተር ቤት ሄዳችሁ ስታስፕሪንቱ ፋይሉ ከዴስክቶፑም ከሪሳይክል ቢኑም መጥፋቱን ቆማችሁ እዩ። ስልኩን ራሱን ጉዳዩ እስኪያልቅ አትሽጡት፣ ሪሴት አታድርጉት።

አንድ ጥብቅ ነገር አለ። የተሰራጨው የዕድሜዋ ከ18 ዓመት በታች የሆነች ልጅ እርቃን ፎቶ ከሆነ ለማስረጃ ብላችሁም አታባዙት፣ ለአጎት ለአክስት አታስተላልፉት። የላኪውን አካውንት፣ ሊንኩን፣ ቀኑንና የጻፈውን ያዙ፤ ምስሉን ፖሊስ ከስልኩ ላይ ይየው።

መልስ መስጠት፣ ብሎክ፣ ሪፖርት

ማስረጃው ከተያዘ በኋላ ሰውየው የሚታወቅ ከሆነ አንድ መልእክት ብቻ መላክ ይቻላል፦ "የጻፍከውን ሁሉ አስቀምጫለሁ። እንድታቆም እጠይቃለሁ።" ስድብ የለበትም፣ ዛቻ የለበትም፣ ልመናም የለበትም። ለማይታወቅ አካውንትና ለገንዘብ ጠያቂ ይህም አይላክ። ከዚያ ብሎክ። የጓደኛ ጭፍራ አሰልፎ ኮመንት ላይ መሳደብ ፖስቱን ለብዙ ሰው ከማዳረስ ውጪ ጥቅም የለውም፤ ቲክቶክም ፌስቡክም ክርክር የበዛበትን ወደ ፊት ነው የሚገፋው። "የእሷን ፎቶ ሼር አታድርጉ" ብሎ ስሟን ጠርቶ መለጠፍም ያው ነው፤ ያላየው ሁሉ መፈለግ ይጀምራል።

ሪፖርት ያደረገው ሰው ማንነት ለተከሰሰው አይነገርም። ልጆች ይህን ስለማያውቁ ይፈራሉ፤ ንገሯቸው። መቶ ሰው ሪፖርት ስላደረገም አይደለም የሚነሳው። የሚያስነሳው ትክክለኛውን ምድብ መምረጥ ነው። "አልወደድኩትም" የሚለውን ከመረጣችሁ ፖስቱ ከእናንተ ዐይን ይሰወራል እንጂ ማንም አይመረምረውም። በስሟ የተከፈተ አካውንት ከሆነ "ሌላ ሰው መስሏል" የሚለውን፣ ከዚያ "እኔን" ወይም "ጓደኛዬን" የሚለውን ምረጡ። ስድብና ማሸማቀቅ ለብቻው፣ የልጅ እርቃን ምስል ለብቻው ምድብ አላቸው።

ቴሌግራም ግሩፕ ከሆነ ከሪፖርቱ በፊት አድሚኑ ጋ መሄድ ይፈጥናል። የክፍል ግሩፕ አድሚን ብዙውን ጊዜ የክፍል አለቃው ነው፤ መልእክቱን ለሁሉም ማጥፋትና ሰውየውን ማገድ ይችላል። በየግቢው ያሉት ስም የለሽ የኮንፌሽን ቻናሎች (ተማሪ ስሙን ሳይገልጽ የላከው የሚለጠፍባቸው) ደግሞ ለአንባቢ ነው ስም የለሽ የሆኑት፤ በቦት በኩል የተላከውን ተቀብሎ የለጠፈው ሰው አለ። የመልእክቱን ሊንክ ይዛችሁ አድሚኑን እንዲያነሳ በጽሑፍ ጠይቁት፤ ጥያቄያችሁንም መልሱንም ስክሪንሾት አድርጉ። እምቢ ካለ እሱም ያሰራጨ ሰው ነው።

ቲክቶክ ላይ ፕራይቬሲ ውስጥ ኮመንትስ የሚለው ጋ በቃላት ማጣራት ይቻላል፤ ኢንስታግራምም ተመሳሳይ አለው። አማርኛ ላይ ግን አንድ ችግር አለ፤ ማጣሪያው የሚይዘው የጻፋችሁለትን ፊደል ብቻ ነው። "አህያ" ብላችሁ ካስገባችሁ "አሕያ"፣ "ዐህያ"፣ "አኅያ" እና በክፍተት የተጻፈው "አ ህ ያ" ያመልጣሉ። የሀን፣ የሰን፣ የአንና የጸን ሞክሼ ፊደሎች እያቀያየራችሁ አስገቡ፤ በላቲን ፊደል የሚጻፍባቸውን ሁለት ሦስት መንገዶችም ጨምሩ። አሰልቺ ነው፤ ግን ተሳዳቢዎቹ ቁጥራቸው ትንሽ የስድብ ቃላቸውም የተወሰነ ስለሆነ አንድ ጊዜ መሥራቱ ብዙ ያሳርፋል።

በፎቶ ገንዘብ የሚጠይቅ ሲመጣ

"5,000 ብር በቴሌብር ካልላክሽ ፎቶሽን ለቤተሰብሽ እልካለሁ።" አካሄዱ ይህ ነው። የጓደኛ ዝርዝሯን ስክሪንሾት አድርጎ "ይኸው እናትሽ፣ ይኸው አጎትሽ" ይላታል፤ የአንድ ሰዓት ጊዜም ይሰጣታል። ጥድፊያው ሆን ተብሎ ነው፤ ለማንም ሳትናገር እንድትልክለት ነው።

አይከፈልም። የከፈለ ሰው ገንዘብ እንዳለውና እንደሚፈራ አሳየ ማለት ነው፤ ጥያቄው ይደጋገማል፣ ብሩም ይጨምራል። ሌላ ፎቶም አይላክም። ገንዘብ የጠየቀበት ስልክ ቁጥር ወይም የባንክ ሂሳብ ግን ከሁሉ የሚበልጥ ማስረጃ ነው፤ አካውንቱ ፌክ ሊሆን ይችላል፣ ብር የሚወጣበት ሂሳብ ግን በመታወቂያ የተከፈተ ነው። ተከፍሎ ከነበረ ከቴሌብር ወይም ከባንኩ የመጣው አጭር መልእክት ላይ የግብይት ቁጥር አለ፤ እንዳይጠፋ።

በዚያው ሰዓት የፌስቡክ የጓደኛ ዝርዝሯን "እኔ ብቻ" ላይ፣ ኢንስታግራሟንና ቲክቶኳን ፕራይቬት ላይ አድርጉ። ይልክባቸዋል የተባሉትን ሁለት ሦስት ሰዎች ቀድማችሁ ንገሯቸው፦ "አንድ ሰው እያስፈራራት ነው፤ የሚመጣ ነገር ካለ አትክፈቱት፣ አታስተላልፉት፣ ንገሩን።" ከዚህ በኋላ የዛቻው ጉልበት ግማሹ ይወድቃል።

ፎቶው የተነሳው ከ18 ዓመት በታች ሳለች ከሆነ "ቴክ ኢት ዳውን" የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ። ፎቶውን አይወስድም፤ እዚያው ስልኩ ላይ እንዳለ አንድ የቁጥር አሻራ ያወጣለትና አሻራውን ብቻ ለፌስቡክ፣ ለኢንስታግራም፣ ለቲክቶክና ለሌሎች አባል ድርጅቶች ይሰጣል፤ እነሱም ያ ምስል ሲለጠፍ ይይዙታል። ለአዋቂዎች ተመሳሳዩ "ስቶፕ ኤንሲአይአይ" ይባላል። አሻራውን ለማውጣት ምስሉ ስልኩ ላይ መኖር ስላለበት ልጅቷ ደንግጣ ከማጥፋቷ በፊት ይህ ይሠራ። ገጹ በአማርኛ ላይገኝ ስለሚችል አጠገቧ ተቀመጡ፤ ስክሪኑን ሳታዩባት።

ፎቶው በኤአይ የተቀነባበረ ቢሆንም አሠራሩ ያው ነው። "እኔ አይደለሁም" ብላ ለጎረቤት ለማስረዳት መሯሯጥ የለባትም።

ትምህርት ቤትና ሽምግልና

የክፍል ልጆች ከሆኑ መጀመሪያ ለክፍል ኃላፊ መምህሩ፣ ከዚያ ለዩኒት ሊደሩ፣ ከዚያ ለርዕሰ መምህሩ። ግቢ ከሆነ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ ስላለው፣ የተማሪዎች ዲንና የሥርዓተ ፆታ ጽሕፈት ቤት ናቸው የሚጠየቁት። ደብተሩንና ስክሪንሾቶቹን ይዛችሁ ሂዱ፤ በቃል ብቻ የተነገረ አቤቱታ እስከ ዕረፍት ሰዓት ይረሳል። ለመምህራን አንድ ነገር፦ ሁለቱን ልጆች ክፍል ፊት አቁሞ "ታረቁ" ማለት ተበዳዩን ሁለተኛ ጊዜ ማዋረድ ነው፤ በዚያው ዕለት ማታ አዲስ ስቲከር ይሠራበታል።

ወሎ ላይ ነገር በሽማግሌ ማለቁ የተለመደ ነው፤ እኩዮች ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰዳደቡበት ጉዳይም እንዲህ ቢያልቅ ይመረጣል። ግን ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፦ ምን ምን ይጠፋል፣ በስንት ሰዓት ውስጥ፣ ይቅርታውስ የት ይለጠፋል። ስድቡ ግሩፕ ላይ ከነበረ ይቅርታውም እዚያው ግሩፕ ላይ እንጂ በቡና ላይ ብቻ ከሆነ ያነበቡት አርባ ልጆች ጋ አይደርስም። የእርቃን ፎቶ፣ የገንዘብ ማስፈራራት፣ አዋቂ ሰው ልጅን ያባበለበት ወይም አካላዊ ዛቻ ያለበት ጉዳይ ግን ለሽምግልና አይቀርብም። "ስሟ እንዳይነሳ" እየተባለ ሳምንታት ይጎተታሉ፤ በዚህ መሀል ማስረጃውም የአቤቱታ ጊዜውም ያልፋል።

ፖሊስ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ

ሕጉ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ነው፤ የሚያስፈልጋችሁ አንቀጽ 13። በጽሑፍ፣ በድምፅ፣ በምስል ሰውን ወይም ቤተሰቡን በከባድ አደጋ ያስፈራራ ከ3 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት፣ ከበድ ካለ ከ5 ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ስለ ተበዳዩ ደጋግሞ መልእክት እየላከ ፍርሃት ወይም የሥነ ልቦና ጫና ያደረሰ ከ5 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት፣ ሲከብድ ከ10 ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት። ስም ማጥፋት ከ3 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ወይም ከ30,000 ብር በማይበልጥ መቀጮ ወይም በሁለቱም፤ ይህኛው ግን ተበዳዩ አቤቱታ ካላቀረበ አይነሳም። በወንጀል ሕጉ መሠረት የአቤቱታ ጊዜው ድርጊቱ ወይም አድራጊው ከታወቀበት ቀን አንሥቶ 3 ወር ነው። የልጆች የወሲብ ምስል በአንቀጽ 12 ለብቻው ተቀምጧል፤ ጽኑ እስራት ነው። ስድቡ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በፆታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ያነጣጠረ ጥላቻ ከሆነ አዋጅ ቁጥር 1185/2012ም ይመለከተዋል።

ጊዜ አትፍጁ የምንለው በሌላም ምክንያት ነው። አዋጁ አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት መረጃ እንዲያቆዩ የሚያስገድደው ለ1 ዓመት ነው።

አድራጊው ራሱ ልጅ ሊሆን ይችላል። ከ9 ዓመት በታች በወንጀል አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ያለው እስር ቤት ሳይሆን የሚታረምበት የተለየ እርምጃ ነው የሚወሰድበት። ስለዚህ የ13 ዓመት ልጅን "አሳስርሃለሁ" ማለት ከንቱ ነው፤ ወላጁን ማግኘት ይሻላል።

ከተማው ፖሊስ ጋ ስትደርሱ ሴቶችና ሕፃናትን የሚያይ ክፍል ወይም መርማሪ እንዲመደብ ጠይቁ። የከተማው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም አብሮ መከታተል ይችላል። የምትይዙት፦ ስልኩ ከነቻርጀሩ፣ ፍላሹ፣ ፕሪንት የተደረጉት ገጾች በቁጥር፣ ደብተሩ፣ የልጁ ዕድሜ የሚያሳይ ሰነድና የሞግዚት ወይም የወላጅ መታወቂያ። ልጅቷ ታሪኩን በየጠረጴዛው እንዳትደግመው አንድ ገጽ ጽፋችሁ ቀድማችሁ ስጡ፤ የሰጣችሁትን ቀንና የተቀባዩን ስም ያዙ።

ሳይመጣ በፊት የሚስተካከሉ ነገሮች

ብዙ ቤተሰብ የማያውቀው ስህተት የልደት ዓመት ነው። በ2003 የተወለደ ልጅ አካውንት ሲከፍት 2003 ብሎ ይሞላል፤ መተግበሪያው የፈረንጅ አድርጎ ስለሚያነበው የ15 ዓመቱ ልጅ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖ ይመዘገባል። ቲክቶክ ከ16 ዓመት በታች የሆነን አካውንት ራሱ ፕራይቬት ያደርገዋል፣ የግል መልእክትም አይፈቅድለትም፤ ላይቭም ከ18 ዓመት በታች ዝግ ነው። እነዚህ ሁሉ በአንድ የተሳሳተ ቁጥር ይከፈታሉ። የ14 ዓመት ልጅ ቲክቶክ ላይ ኢንቦክስ የሚመጣለት ከሆነ መጀመሪያ የምታዩት ይህን ነው። ኢንስታግራም ላይ ዓመቱን ማስተካከል ይቻላል፤ ቲክቶክ ላይ በ"ችግር ሪፖርት አድርግ" በኩል ይጠየቃል፣ እስከዚያ ፕራይቬቱንና የኮመንቱን ገደብ በእጅ አብሩ።

ቴሌግራም ላይ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ ግቡ። ፎን ነምበር የሚለውን ኖባዲ፣ በቁጥሬ ማን ያግኘኝ የሚለውን ማይ ኮንታክትስ፣ ግሩፕ ላይ ማን ይጨምረኝ የሚለውንም ማይ ኮንታክትስ አድርጉ። ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን አብሩና የይለፍ ቃሉን ወረቀት ላይ ጻፉ። ኮምቦልቻ ላይ በጋራ ተከራይተው የሚኖሩ ሠራተኞች ስልክ ስለሚዋዋሱ ፓስኮድ ሎክም አይቅር።

"ለእኔ ድምፅ ስጭኝ፣ የመጣልሽን ኮድ ላኪልኝ" የሚለው መልእክት ከጓደኛ አካውንት ቢመጣም አትላኩ፤ ጓደኛዋም ቀድማ ተጠልፋለች። ከተላከ ግን በዚያው ቀን ሴቲንግስ፣ ዲቫይስስ ገብታችሁ ሌሎቹን በሙሉ አስወጡ። አዲስ የገባ ስልክ ነባሩን ለማስወጣት 24 ሰዓት መጠበቅ አለበት፤ ያቺ አንድ ቀን የእናንተ ናት። ስልክ ጥሪው ወደ ሌላ ቁጥር እንደዞረ ከጠረጠራችሁ *#21# ደውሉ፤ ዞሮ ከተገኘ ##002# ያጠፋዋል።

ዩኒፎርም ለብሶ የተነሣ ፎቶ ትምህርት ቤቱን ይናገራል፤ ደሴ ላይ ቀለሙን አይቶ የማያውቅ የለም። ፕሮፋይል ላይ አይሁን።

ስልክ ጥገና ቤት የሚሰጥ ከሆነ ሲሙንና ሚሞሪ ካርዱን አውጡ፣ ከቴሌግራም ውጡ፣ ጋለሪውን ወደ ኮምፒውተር ገልብጣችሁ ከስልኩ አጥፉ፤ "በቅርቡ የጠፉ" የሚለውንም ፎልደር ባዶ አድርጉ። አዲሶቹ ሳምሰንጎች ላይ ለጥገና ተብሎ የተሠራ ሜንቴናንስ ሞድ አለ፤ ሲበራ ፎቶና መልእክት ይሸሸጋል፣ ስልኩ ግን ይሞከራል። ስክሪን ለመቀየር የስልኩ ፓተርን አያስፈልግም፤ ንኪው ይሠራ እንደሆነ የሚሞክሩት እናንተ ባላችሁበት ከፍታችሁላቸው ነው። "ፓተርኑን ጻፊልን፣ ነገ ነይ" ካሏችሁ ሌላ ቤት ሞክሩ።